«ልዩ ክት»

አክስቴ አዲስ ለከፈተችው ምግብ ቤት ባነሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ተሰቅሎ ሳየው «ልዩ ክትፎ» የሚለው «ልዩ ክት» ሆኗል፤ «ፎ» ከጠርዙ ወጥታ ተቆርጣለች። «ልብስ ልሸጥ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቀች፤ ግን ገንዘቡን የከፈለችው እሷ ናት።

ጥፋቱ የኔው ነው። በኢንክስኬፕ የሠራሁትን ኤስቪጂ ፋይል እንዳለ በቴሌግራም ላክሁት። ኤስቪጂ እንደ ፎቶ በነጥብ ሳይሆን ቅርጹን በቁጥር ነው የሚመዘግበው፤ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ አይደበዝዝም። ፎንቱ ግን ፋይሌ ውስጥ አልነበረም፣ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ስለሌለ በሌላ፣ ሰፋ ባለ ፎንት ተተካ።

መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ «ኢንክስኬፕ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ (በላቲን ፊደል ነው እንግዲህ)፣ ጭረትና ትልቁን ቲ ታስከትላላችሁ፣ የሚወጣው ፒዲኤፍ እንዲሆን ትነግሩታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የፋይሉ ስም። ያቺ ቲ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ቅርጽ ትቀይረዋለች፤ ከዚያ በኋላ ፎንቱ ኖረ አልኖረ ግድ የለም። ስሪት 1.0 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ካላችሁ ደግሞ በፋይሉ ስም ቦታ ኮከብ ምልክት አድርጉና ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ኤስቪጂዎች በሙሉ ባንዴ ይቀየራሉ። በማውስ አንድ በአንድ ስትከፍቱ ከመዋል ይሻላል።

አደራ፣ ዋናውን ኤስቪጂ እንዳታጠፉት። ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አይታረምም። አክስቴ ባነሩ በድጋሚ ሊታተም አንድ ሰዓት ሲቀረው «ስልክ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ» ብላ ደወለች።