መደርደሪያው ከመውደቁ በፊት ማን ይየው?

መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ወድቆ ወይም ክምር ተንዶ ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ካሣውን ማን ይክፈል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ሕጋችን መልስ አያጣም። መልስ የሚጠፋው ለሌላኛው ጥያቄ ነው። ነገሩን ከመውደቁ በፊት የማየት ሥራ የማን ነበር? ይህን ብትጠይቁ ሥራ አስኪያጁ ወደ ንብረት ክፍል፣ ንብረት ክፍሉ ወደ ስቶር ኪፐሩ፣ ስቶር ኪፐሩ ደግሞ ወደ ፎርክሊፍት ነጂው ይመራችኋል። ነጂው በበኩሉ «ስመጣም ጎብጦ ነው ያገኘሁት» ይላል።

ስለ ብረቱ ጥቂት ልበል። በትልልቅ የመድኃኒትና የሸቀጥ መጋዘኖች የምናየው ረጅም መደርደሪያ እንደ ድልድይ የጠነከረ ይመስላል። ይሁንና ቋሚዎቹ ከላሜራ ታጥፈው የተሠሩ ናቸው፤ ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሒሳቡን በእኛ መለኪያ እንሥራው። አንድ ፓሌት 10 ኩንታል ቢይዝ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ሁለት ፓሌት ቢቀመጥና አራት ደርብ ቢኖር፣ በሁለቱ ጎን ቋሚዎች መካከል 80 ኩንታል ተሰቅሏል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሸክም ያ ስስ ብረት የሚችለው ቀጥ ብሎ እስከ ቆመ ድረስ ነው። ፎርክሊፍት ገጭቶ ጥቂት ካጎበጠው ሸክሙ ራሱ ጉብጠቱን እያባባሰው ይሄዳል። ቋሚዎቹ ደግሞ በአግዳሚዎች የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይዞ ነው።

በብራዚል ሳኦ ሉዊስ ከተማ በመስከረም 2013 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የሸቀጥ መደብር ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። መደርደሪያዎቹ አንዱ ሌላውን እየጣለ በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ወደቁ፤ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ሞተች፣ ስምንት ሰዎች ተጎዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት 2008 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሽሮፕሺር ቺዝ የተጫነባቸው መደርደሪያዎች ወድቀው አንድ የፎርክሊፍት ነጂ ለስምንት ሰዓት ያህል ከሥር ተቀብሮ ቆይቷል። እሱ እንኳ በተአምር በሕይወት ወጣ።

አውሮፓውያን ለዚህ ኢ.ኤን. 15635 የሚባል ደረጃ አላቸው። ደረጃው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ በስሙ የተሰየመ የመደርደሪያ ደኅንነት ኃላፊ እንዲኖር ነው። በየሳምንቱ ገደማ በዓይን ምርመራ ይደረጋል፣ ይመዘገባል፤ ከ12 ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም ባለሙያ መጥቶ ያያል። የመለኪያው መሣሪያ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ብረት ቋሚው ላይ ለጥፎ ጉብጠቱን መለካት። ቋሚው በአግዳሚዎቹ አቅጣጫ ከ5 ሚሊ ሜትር፣ ወደ መደርደሪያው ጥልቀት አቅጣጫ ደግሞ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ ነገሩ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይሸጋገራል። ቢጫ ማለት ዕቃው ከተነሣ በኋላ ሳይጠገን መልሶ መጫን አይቻልም፣ በአራት ሳምንት ካልተጠገነም ቀይ ይሆናል ማለት ነው። ጉብጠቱ ከተጠቀሰው መጠን እጥፍ ካለፈ ወዲያውኑ ቀይ ነው፤ ሸክሙ ሳይውል ሳያድር ይወርዳል። አግዳሚዎችም በጭነት ብዛት መርገብ የሚፈቀድላቸው እስከ ርዝመታቸው አንድ ሁለት መቶኛ ነው። 2.7 ሜትር የሆነው አግዳሚ ከ13 ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ከረገበ ተጭኖበታል። አግዳሚውን ከቋሚው ጋር የምትቆልፈው ትንሽ ፒን መኖሯን፣ ወለሉ ላይ የሚያስሩት ብሎኖች አለመላላታቸውንም ማየት ያስፈልጋል። የጎበጠውን በመዶሻ አቃንቶ ማስበየድ ግን፣ እኛ አገር የተለመደ ቢሆንም፣ ጥገና አይባልም። እሳት የነካው ስስ ብረት የቀድሞ አቅሙ እንዳለ ነው ብሎ ሊምል የሚችል በያጅ የለም። መፍትሔው ክፍሉን በአምራቹ ክፍል መተካት ነው።

«ይህ የአዲስ አበባና የሞጆ ጉዳይ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ባለፈው ዓመት በአንድ የውርስ ጉዳይ ከአምቦ በስተሰሜን ወዳለችው የጊንደ በረት ወረዳ ከተማ ወደ ካቺሲ ሄጄ ነበር። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ የሚወጣበት አገር ነው። ፎርክሊፍት የሚባል ነገር ባላይም ክምር ግን አይቻለሁ። አንድ የግል እህል ቤት ውስጥ ጆንያው ከወለሉ ተነሥቶ ቆርቆሮው ሥር ደርሷል፤ ጎኑንም በጭቃ ግድግዳው ላይ አስደግፏል። አንድ ወጣት ከሥር ያለውን ኩንታል ለማውጣት ይጎትታል። «ይህ አይወድቅም ወይ?» ብዬ ብጠይቅ «ኧረ ጋሼ፣ ግድግዳው ይዞታል እኮ!» አለኝ ባለቤቱ፣ በቅን ልቦና።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ የተሠራው ጣሪያ ሊሸከምና ነፋስ ሊከለክል እንጂ ከጎን የሚገፋውን እህል ሊይዝ አይደለም። ስለዚህ ክምር ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ቢያንስ ሰው ዙሪያውን ሊያየው እንዲችል ሆኖ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር አለበት። ድርድሩም እንደ ጡብ ሥራ አንዱ ረድፍ የሌላውን መገጣጠሚያ እየረገጠ ይወጣል፤ ከላይ ሲሆን ጠበብ ይላል። ሲነሣ ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይነሣል፤ ከሥር መጎተት ክምሩን ገደል ማድረግ ነው። ነጩ የፕላስቲክ ከረጢት (ራሱን ከረጢቱን «ማዳበሪያ» ብለን የምንጠራ ሕዝብ መሆናችንን ልብ ይሏል) ከቃጫው ጆንያ ይልቅ ስለሚንሸራተት የክምሩ ቁመት ዝቅ ማለት አለበት። በየጊዜው መታየት ያለበትም የታችኛው ረድፍ ነው፤ አይጥ የቀደደው ወይም እርጥበት ያበሰበሰው አንድ ከረጢት ይዘቱን ሲያፈስ ከላዩ ያለው ሁሉ ያዘነብላል። የብረት መደርደሪያ ባለበት ቤት ውስጥ የአፈር ማዳበሪያ የሚቀመጥ ከሆነም የቋሚዎቹን እግር ዝገት ማየት ይገባል፤ እርጥበት ያገኘ ማዳበሪያ ብረት ይበላል።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። ያ የካቺሲ ግድግዳ ወደ መንገድ ቢወድቅ ባለቤቱ «አላሰብኩትም» ብሎ አያመልጥም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በአንቀጽ 96 ደግሞ ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ጥሩ ሕግ ነው።

ነገር ግን ከክምሩ ሥር የሚቆመው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ጫኝና አውራጅ ነው። ቅጥር የለውም፤ በኩንታል ሒሳብ ይከፈለዋል፤ አንዳንዴ ከጓደኞቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ከመጋዘኑ ጋር የአገልግሎት ውል ይፈርማል። አደጋ ሲደርስ ባለ መጋዘኑ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ይላል። አዋጁም በአንቀጽ 3 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ውጪ አድርጎታል። እርግጥ ነው፣ የአንቀጽ 4 መለኪያ ሰውየው የሚሠራው በማን መሪነት ነው የሚለው ስለሆነ፣ የት እንደሚቆም፣ የትኛውን ኩንታል እንደሚያነሣ በባለ መጋዘኑ የሚታዘዝ ተሸካሚ ሠራተኛ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔም በዚህ አቋም እቆማለሁ። ነገር ግን ይህን ክርክር የሚያደርገው እግሩ የተሰበረ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጠበቃ በሌለው አቅሙ። የጤፉ ባለቤት ግን ኢንሹራንስ ሊኖረው ይችላል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እያንዳንዱን የወረዳ እህል ቤት ያንኳኳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ስለሆነ፣ የምመክረው በውል ውስጥ የሚገባ አንድ አንቀጽ ነው። ባንክ በመጋዘን ላይ ሲያበድር፣ ነጋዴ መጋዘን ሲከራይ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከጫኝና አውራጆች ጋር ሲዋዋል፣ መደርደሪያውንና ክምሩን በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ስሙ ይጻፍ። ያየውን በመዝገብ ላይ ይፈርም። ሥራ አስኪያጁን ሳያስፈቅድ «ይህ ይራገፍ» ብሎ ሥራ የማስቆም ሥልጣንም ይሰጠው። ጫኝና አውራጁም መዝገቡን አይቶ ቀይ ከተጻፈበት ክምር ሥር አልገባም ቢል፣ ኩንታል ባያነሣም የዕለት ሒሳቡ እንዳይቀርበት በዚያው አንቀጽ ይደንገግ።