አጭር ዕረፍት በእንጅባራ

ከፓዌ ተነሥታችሁ በቻግኒ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ፣ መኪናው በእንጅባራ ለምሳ ይቆማል እንበል። ገና ስትወርዱ ብርዱ ይቀበላችኋል፤ ጠዋት በሸሚዝ የተነሣው ተጓዥ ጋቢ ይፈልጋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፓዌ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ስትሆን፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቆላው ሰሊጥና ማንጎ፣ በደጋው ገብስና ድንች ይበቅላል።

የወባ ትንኝም በይበልጥ የምትራባው በሞቃቱ ቆላ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ ደጋ ወርደው በፓዌ ከሠፈሩት ገበሬዎች ብዙዎቹ በወባ ተሠቃይተዋል፤ የሞቱም አሉ። እናንተ ጋቢ ደርባችሁ የምታልፉት የአየር ለውጥ ለእነርሱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ ስለ ጉዞ ስትጽፉ፣ የተሰማችሁን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም መርምራችሁ ጻፉ።