ቻዲያ፦ የቻድና የኢትዮጵያ የጋራ አየር መንገድ

ቻድ በቆዳ ስፋት ኢትዮጵያን ትበልጣለች፤ 1 ሚሊዮን 284 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ እኛው የባሕር በር የላትም። ከዋና ከተማዋ ከንጃሜና ሰሃራ ውስጥ እስካለችው ፋያ ያለው ርቀት በአየር እንኳ ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በመኪና የሚሄድ ሰው ብዙውን መንገድ የሚገፋው በአሸዋ ላይ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር አየር መንገድ ቅንጦት አይደለም። ሆኖም ቱማይ ኤር ቻድ ከተዘጋ ወዲህ አገሪቱ ለዓመታት የራሷ አየር መንገድ አልነበራትም።

ክፍተቱን ለመሙላት መስከረም 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ቻዲያ አየር መንገድ ሥራ ጀመረ። የቻድ ወገን 51 በመቶ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 49 በመቶ ድርሻ ያዙ። ክፍፍሉ የታሰበበት ነው። አገሮች የሚፈራረሟቸው የአየር አገልግሎት ስምምነቶች በአብዛኛው፣ የበረራ መብት የሚያገኘው አየር መንገድ አብላጫ ባለቤትነቱ የዚያው አገር እንዲሆን ይጠይቃሉ። የእኛው አየር መንገድ አብላጫውን ቢይዝ ኖሮ ቻዲያ በቻድ ስም ወደ ጎረቤት አገሮች ለመብረር በተቸገረ ነበር። የእኛው አየር መንገድ ማላዊ ውስጥም የገባው በዚሁ በ49 በመቶ ድርሻ ነው።

የተመረጠው አውሮፕላን ኪው400 ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የበረረ ሰው ያውቀዋል። ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ ባለ ስድስት ምላስ ፕሮፔለሮቹ ከመሬት ራቅ ይላሉ፤ ጠጠር በቀላሉ አያገኛቸውም። ሰባ ያህል መንገደኛ ይጭናል፣ አጭር ማኮብኮቢያ ይበቃዋል፣ በአጭር ርቀት ከጄት ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል። እንደ አቤሼ፣ ሙንዱና ፋያ ላሉ የቻድ ከተሞች ከዚህ የተሻለ አውሮፕላን ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

የጠፋው ወንበሩን የሚሞላ ሰው ነው። ቻድ ውስጥ የአውሮፕላን ቲኬት የመግዛት አቅም ያለው ጥቂት ነው። አውሮፕላኑ በረረም ቆመም ደግሞ የጥገናው፣ የኢንሹራንሱና የሠራተኛው ወጪ አይቀርም። ቻዲያ ገና ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ኮሮና ደረሰ። አዲስ አበባ ያለው አየር መንገድ ያን ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር እየነቀለ ዕቃ በመጫን ራሱን አተረፈ፤ ጥቂት ፕሮፔለር አውሮፕላን ብቻ የነበረው ቻዲያ እንዲህ ያለ መውጫ አልነበረውም። በ2014 ዓ.ም. እንዲፈርስ ተወሰነ።

የእኛው አየር መንገድ ድርሻ ያለበትና በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አስካይ አየር መንገድ ግን ዛሬም ይበራል፤ የቶጎን ዋና ከተማ ሎሜን መናኸሪያ አድርጎ የብዙ አገሮችን መንገደኛ ያሰባስባልና። ቻዲያ የቆመው በአንድ አገር ገበያ ላይ ነበር። በእኔ እምነት የፋያን የመሰለ መስመር መንግሥት እንደ መንገድና ድልድይ ቆጥሮ በጀት ሊመድብለት ይገባ ነበር፤ ከቲኬት ሽያጭ ብቻ ትርፍ መጠበቁ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ስሌት ነው።