እበቱ ይነዳል፣ ሽንቱ ይሰርጋል

ዛሬ እኔ በምኖርበት በአዲስ አበባው ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብዛኛው ቤት እንጀራውን የሚጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሕንፃዎቹ ከመቆማቸው በፊት፣ ሠፈሩ የጭቃ ቤቶች በነበሩበት ዘመን፣ ኩበት በአህያም በሰው ጀርባም እየተጫነ ይመጣ ነበር። ያ ኩበት የአንድ ገበሬ ማሳ ሳይደርስ የቀረ ፍግ ነው። ዕድሜዬን በአፈር ለምነት ሥራ ያሳለፍኩ ነኝና ነገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ልደታ ላይ ቢቀርም ገጠር ውስጥ በስንትና ስንት ጎጆ እስካሁን ይነዳል።

ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረስና ፖታሲየም አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አፈሩን አላልቶ ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽ ግን ጠፋ ማለት ነው። ኬኔት ኒውኮምብ የተባሉ የዓለም ባንክ ባለሙያ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያን ጉዳይ አንስተው ይህንኑ ነበር ያሳዩት፦ ዛፍ ሲያልቅ ሰው እበት ያነዳል፣ እበት ሲነድ እህል ይቀንሳል። ስለዚህ ለማገዶ የሚተከል ዛፍ ወጪውን በእህል ይመልሳል። ክርክሩ አርባ ዓመት ቢያልፈውም ለእኔ አላረጀም።

ስለ ኩበት ግን ብዙ ተብሏል። የማይነገርለት ሽንቱ ነው። ከከብት ገላ ከሚወጣው ናይትሮጂን ግማሽ ያህሉ፣ ከፖታሲየሙ ደግሞ አብዛኛው ያለው በሽንት ውስጥ ነው። ጠዋት፣ አዛባው ከመዛቁ በፊት፣ አንድ በረት ገብታችሁ ጎንበስ በሉ። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ አሞኒያ ነው፤ ናይትሮጂኑ እየተነነ መሆኑን የሚናገር። ወለሉ ዘቅዘቅ ካለ አንድ ጥቁር መስመር በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ ቦዩ ሲወርድ ታያላችሁ። ገበሬው በብድርም ቢሆን የሚገዛው የዩሪያ ማዳበሪያ ዋና ንጥረ ነገር በዚያች መስመር ይፈሳል። ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ቢጎዘጎዝ ሽንቱን ይጠጣል። ጉዝጓዙ ከእበቱ ጋር ተዝቆ ጥላ ባለውና ጎርፍ በማይደርስበት ጉድጓድ ቢከመር አብዛኛው ይተርፋል። በእኔ እምነት የማሳ ዕቅድ መጀመር ያለበት ከዚህ ወለል ነው።

ሒሳቡን በግምት ላሳያችሁ። አንድ የአገራችን ከብት በቀን 2 ኪሎ ያህል ደረቅ እበት ይጥላል እንበል። አራት ከብት ያለው ቤት በዓመት ወደ 2,900 ኪሎ ያገኛል። በውስጡ 1.5 በመቶ ናይትሮጂን ቢኖር 44 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው 46 ኪሎ ነው። ከብት ቀን ግጦሽ ላይ ስለሚውል ግማሹ በየሜዳው ይቀራል፤ በረት ውስጥ ከሚገኘውም በአንድ ክረምት ለሰብሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ያውም ሽንቱን ገና አልቆጠርንም።

ፍግ ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በፎስፈረስ በኩል ደካማ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢትዮሲስ በተባለው ፕሮጀክት የአገሪቱ አፈር ሲመረመር በብዙ ቦታ ሰልፈርም ጎድሎ ተገኘ። ዳፕ በተባለው ማዳበሪያ ፋንታ ኤንፒኤስ የመጣው ለዚህ ነው፦ በኩንታሉ 19 ኪሎ ናይትሮጂን፣ 38 ኪሎ ፎስፌት፣ 7 ኪሎ ሰልፈር። እንግዲህ ኤንፒኤሱን በዘር ጊዜ ሰጥቶ ፍግ ባገኘው ማሳ ላይ ዩሪያውን መቀነስ ይቻላል። አሲዳማ በሆነው የደጋ መሬት ደግሞ ፍግ ሌላ ውለታ ይውላል፤ ፎስፈረስን አንቆ የሚይዘውን አሉሚኒየም ያስታግሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለየትኛው ማሳ የሚለው ነው። ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ጓሮ ላይ ይደፋል። ጓሮው ዓመት ሙሉ ሲጠግብ ሩቁ ማሳ እየገረጣ ይሄዳል። የጉራጌ እናቶች በየማለዳው አዛባውን ወደ እንሰቱ መውሰዳቸው ልክ ነው፤ እንሰቱ የቤቱ ቀለብ ነውና። ጓሮው ከጠገበ ግን ጭነቱ ወደ ቀጣዩ ማሳ መሄድ አለበት። ኮንሶዎች ከብታቸውን አስረው እየቀለቡ ፍጉን እስከ እርከናቸው ድረስ ይሸከሙታል። ማሳው ላይ የደረሰ ፍግ ደግሞ በዕለቱ በማረሻ ይገለበጥ፤ ፀሐይ ላይ ተበትኖ ከዋለ ናይትሮጂኑ ይተናል። ወንዝና ጉድጓድ ውኃ ዳር አይደፋም።

በግቢያችን፣ በሕንፃዎቹ መሐል ባለችው ክፍት ቦታ፣ አንዲት ጎረቤቴ ጎመን ይተክላሉ። ከከተማ ወተት አርቢ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ እርጥብ እበት አስመጥተው ግንዱ ሥር ሲያደርጉ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ይህ ገና ትኩስ ነው፤ ሥሩን ያቃጥልብዎታል።»

«እበት መቼ ጎድቶ ያውቃል ልጄ?»

ሁለት ሦስት ወር ተሸፍኖ፣ እየተገላበጠ ሲበሰብስ ሙቀቱ የአረሙን ዘር እንደሚገድል፣ ሽታውም እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። ከግድግዳው ጥግ ከመሩት።

እዚህ ከተማ ውስጥ በየበረቱ የሚተርፈው እበት ብዙ ጊዜ ወደ ቦይና ወንዝ ይገባል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ማሳ እየተራበ። ሆላንድን በመሰሉ አገሮች ችግሩ መትረፉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ውኃ በሚበከልባቸው አካባቢዎች ከፍግ የሚገኝ ናይትሮጂን በሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ እንዳይበልጥ ገድቧል። እዚያ ገበሬው ፍጉን መዝግቦ ያሳውቃል። የኛ ገበሬ ከክረምት በፊት የማዳበሪያ ፍላጎቱን ሲጠየቅ የሚቆጠረው ኩንታል ነው። የልማት ሠራተኛው በዚያው ወረቀት ላይ በረቱ ውስጥ ስንት ከብት እንደሚያድር፣ ጉዝጓዝ መኖር አለመኖሩን፣ ከእበቱ ምን ያህሉ ለማገዶ እንደሚሄድ ቢጽፍ ኩንታሉ ራሱ ይቀየራል። ለዚህ ከውጭ የሚገዛ ዕቃ የለም፤ ስክሪብቶና አንድ ማለዳ በረት ውስጥ መቆም ይበቃል።