የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ዋጋ

በየአገሩ ያሉ የጥንታዊ ተሽከርካሪ ክበቦችን የሚያስተባብረውና ፊቫ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ አንድ ተሽከርካሪ ታሪካዊ ሊባል የሚችለው ከተሠራ ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ ከፋብሪካ የወጣበትን መልክ ጠብቆ ሲቆይና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት ማገልገሉን ሲያቆም ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ከተሄደ በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን መስፈርት የሚያሟላ ሞተር ብስክሌት ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ዶቅዶቄ የሚያረጀው ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ሳይሆን ሥራ ላይ ሆኖ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአየር ጤና በኩል አልፎ ወደ ዓለም ገና፣ ወደ ሰበታና ወደ ወሊሶ የሚዘልቀው የጅማ መንገድ፣ የኢጣሊያ ወራሪ ኃይል በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥተው በየአቅጣጫው እንዲወጡ ካቀዳቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ሲሆን፣ ሞተር ብስክሌት በብዛት ወደ አገሪቱ የገባውም ከዚሁ ኃይል ጋር ነው። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1939 የተመረተው ሞቶ ጉዚ ጂ.ቲ. 17 የተባለው የጦር ሠራዊት ሞተር ይገኛል፤ ይህ ሞተር 500 ሲ.ሲ. የሚጠጋ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሆኖ፣ ሲሊንደሩ እንደ ብዙዎቹ ሽቅብ ከመቆም ይልቅ ወደ ፊት ተጋድሞ የተሠራና ትልቅ የብረት መንኮራኩሩ ከሞተሩ ውጭ እየታየ የሚሽከረከር በመሆኑ፣ በሩቁ ሊለይ የሚችል ነው። ኢጣሊያ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፋ ስትወጣ፣ እንግሊዞች የጦር ምርኮ ነው እያሉ ብዙ ማሽንና ተሽከርካሪ ከአገር ማስወጣታቸው ይታወቃል፤ የዚያ ዘመን ሞተሮች ዛሬ ብርቅ ከሆኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣችው ቬስፓ ግን የጦር ዕቃ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1946 ለፒያጆ ኩባንያ የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስ ሲሆን፣ ሞተር ብስክሌትን ልብስ የምታቆሽሽና ለመቀመጥ የማትመች ናት ብሎ የማይወድ ሰው በመሆኑ፣ ሞተሩን በላሜራ ሸፍኖ ከመቀመጫው ሥር ደበቀው፤ የፊት ጎማዋንም እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ በኩል ብቻ እንድትያዝ አደረገ። በንጉሡ ዘመን በአስመራና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ትታይ የነበረችው ቬስፓ ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው ሞተሮች አንዷ ናት። የሚገርመው ደግሞ በአየር ጤና የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ የሚታየው ባጃጅ የዚችው ቬስፓ የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው፤ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ ቬስፓንና ከእርሷ የተወለደችውን ባለሦስት እግር የጭነት ሞተር በፒያጆ ፈቃድ ይሠራ ነበርና።

የአሮጌ ሞተር ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ለማያውቅ ሰው የዓለም ጨረታ ውጤት ግራ ያጋባል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተሠራና የአውስትራሊያን የፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበረ ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ላስ ቬጋስ ላይ በ929,000 ዶላር ሲሸጥ፣ በ1908 የተሠራና የነዳጅ ሰልባትዮው በብረት ማሰሪያ ከሻንሲው ላይ የተንጠለጠለ ሃርሊ ዴቪድሰን በ2023 እዚያው 935,000 ዶላር አውጥቷል። ከሁለቱም ይልቅ የሚያስተምረው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ ውስጥ በ331,900 ፓውንድ የተሸጠው ብራፍ ሱፒሪየር ነው፤ ይህ ሞተር የአነስተኛ መኪና ባለአራት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለትና ከኋላ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን የተደረገለት፣ ከዓይነቱም ወደ አሥር ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ ኮርንዎል በተባለ የገጠር አውራጃ ከ50 ዓመት በላይ ተፈታትቶና ዝጎ የኖረ ነው። ገዢው የከፈለው ለዝገቱ ሳይሆን ማንም ስላልነካው ነው።

እንግዳነትም ብቻውን ዋጋ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1925 ሙኒክ ውስጥ የተሠራው ሜጎላ አምስት ሲሊንደሮቹ በፊት ጎማው ውስጥ የታጨቁ፣ ፍሪሲዮንም ሆነ ማርሽ የሌለው በመሆኑ፣ ነጂው መስቀለኛ መንገድ ላይ ለመቆም ሞተሩን ማጥፋት፣ ለመነሣት ደግሞ መግፋት ነበረበት። ለመንዳት የማይመች ሞተር ለመሰብሰብ መመቸቱ የሰብሳቢዎች ዓለም አንዱ እንቆቅልሽ ነው። ተራ ሞተርም በታሪኩ ሊከብር ይችላል፤ ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነሥቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ ዓለምን የዞረበት 500 ሲ.ሲ. ትራየምፍ ዛሬ በኮቨንትሪ ሙዚየም የሚታየው ዓይነቱ ብርቅ ስለሆነ ሳይሆን በሄደበት መንገድ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከዚህ ገበያ ጋር የሚጋጨው በጥገናው በኩል ነው። እያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት አንዱ በሻንሲው፣ ሌላው በሞተሩ ላይ የተመታ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ ከፋብሪካ አብረው የወጡ መሆናቸው ከተረጋገጠ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሞተሩ ከተለወጠ ግን ብስክሌቱ ቢሠራም የሰብሳቢው ፍላጎት ይቀንሳል። የአዲስ አበባ መካኒክ ሙያ ደግሞ የተመሠረተው በተቃራኒው ነው፤ የጠፋ ኩሽኔታ ከሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ ያልተገኘው ቶርኖ ቤት ይሠራል፣ የተበላ ቸርኬ ከሌላ ሞተር ይነቀላል፣ ያረጀ ላሜራ ተስተካክሎ አዲስ ቀለም ይቀባል። ይህ ችሎታ ባይኖር አብዛኞቹ ሞተሮች ከ30 ዓመት በፊት በቆሙ ነበር። ስለዚህ የውጭው ሰብሳቢ እንደ ጉድለት የሚቆጥረውን በቶርኖ የተሠራ ዕቃ እንዲሁ ማናናቅ ተገቢ አይደለም፤ ያ ዕቃ ሞተሩ በዚህ አገር እንዴት እንደኖረ የሚመሰክር ነው። ይቅር ሊባል የማይገባው ግን ዋናውን ክፍል አውጥቶ ለቆራሌው መስጠት ነው፤ የወጣው ካርቡራቶር ባይሠራም በካርቶን ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ቦታ አይፈጅም።

ሕጉም ለሰብሳቢ አይመችም። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት ማሽከርከር ተከልክሏል፤ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስም ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እንዲከብድ ተደርጎ የተደነገገ በመሆኑ፣ ጥንታዊ ተሽከርካሪን ከአሮጌ ዕቃ ለይቶ አያይም። ይህ አያያዝ ርካሽና በካይ ተሽከርካሪን ለመከላከል የተዘጋጀ ስለሆነ በራሱ ስሕተት አይባልም፤ ሆኖም ፊቫ ያወጣውን ዓይነት መለኪያ ተከትሎ ለጥቂት ታሪካዊ ሞተሮች የተለየ ሰሌዳ መስጠት የትራፊክ ሥርዓቱን የሚያናጋ አይሆንም።

እስከዚያው አሮጌ ሞተር በእጁ ያለ ሰው ሊብሬውን፣ የቆዩ የቦሎ ወረቀቶችንና ፎቶግራፎችን ከሞተሩ ጋር አብሮ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል። ለመግዛት የሚያስብ ሰውም የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በዓይኑ አይቶ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ተፍቆ ወይም ተበይዶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር መተው ይኖርበታል። በተለይ በአዲስ ቀለም ያሸበረቀ ቬስፓን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በእስያ ከተለያዩ አካላት ተቆራርጠውና ተበይደው የተገጣጠሙ ቬስፓዎች በዓለም ገበያ ላይ በብዛት የተሸጡ ሲሆን፣ ብየዳው ከቀለሙ ሥር ስለሚደበቅ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሻንሲው መንገድ ላይ ከተሰበረ በኋላ ነው።