በራስ መተማመን፡- ከውድድሩ ዕለት በፊት የሚዘጋጅ የማራቶን ስንቅ

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሸፍን ረጅም የጎዳና ላይ ሩጫ ነው። ብዙዎች ውድድሩን የጉልበትና የትንፋሽ ፈተና አድርገው ይመለከቱታል። ይሁንና በመነሻው መስመር ላይ የሚቆም ሯጭ፣ በተለይም ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን የተዘጋጀ ጀማሪ፣ ከጉልበቱ አስቀድሞ የሚፈተነው «ርቀቱን እስከ መጨረሻው እዘልቀው ይሆን?» በሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የሚነሳ አይደለም። በአብዛኞቹ የጀማሪዎች የልምምድ መርሐ ግብሮች ረጅሙ ሩጫ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ላይ ያበቃል። ሙሉውን ርቀት በልምምድ መሮጥ ሰውነትን ክፉኛ የሚያደክምና ለማገገም ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። ስለሆነም ጀማሪው የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኛቸው በውድድሩ ዕለት ይሆናል። ይህንን ክፍተት የሚሞላው በራስ መተማመን ሲሆን፣ መተማመኑም ከምኞት ሳይሆን አስቀድሞ ከተሠራ ሥራ የሚመነጭ መሆን ይኖርበታል።

ለዚህ የሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። የክብር ዘበኛ ባልደረባ የነበረው አበበ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1960)፣ በሮም ኦሊምፒክ ሲሰለፍ ለዓለም እንግዳ ነበር። ለራሱና ለስዊድናዊው አሰልጣኙ ለኦኒ ኒስካኔን ግን እንግዳ አልነበረም። ወደ ሮም ከመጓዙ በፊት አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጦ ነበር፤ ይህም በወቅቱ ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው። አዲስ የተገዛለት ጫማ ስላልተመቸውም በልምምድ ወደሚያውቀው የባዶ እግር ሩጫ ተመለሰ።

አትሌቱና አሰልጣኙ የውድድሩን መንገድም አስቀድመው አጥንተዋል። በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት ለመጨረሻው መስመር ቅርብ መሆኑን በመመልከት ፍጥነት የሚጨመርበት ሥፍራ አድርገው መረጡት። አበበም አብሮት ሲሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊ ተፎካካሪውን በዚያው አካባቢ ጥሎ በመሄድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ዓለምን ያስደነቀው ውጤት ለባለቤቱ በልምምድ የተረጋገጠ፣ በዕቅድም የተደገፈ ነበር።

ከሥራው ጋር አጣጥሞ ማራቶን ለመሮጥ የሚያስብ ሠራተኛም በአቅሙ ይህንኑ መንገድ ሊከተል ይችላል። ቀድሞ አዘውትሮ የሚሮጥ ሰው ለዝግጅቱ ከአራት እስከ አምስት ወራት ያህል ያስፈልገዋል። ሩጫን ገና የሚጀምር ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ መስጠት፣ የጤና ችግር ያለበትም ሐኪም ማማከር ይገባዋል። ልምምዱ ከሥራ ሰዓት በፊት በሚደረጉ አጫጭር ሩጫዎችና በሳምንቱ መጨረሻ በሚደረግ አንድ ረጅም ሩጫ ላይ ሊመሠረት ይችላል። ረጅሙ ሩጫ ከጎን ካለ ሰው ጋር እያወሩ ለመሮጥ በሚያስችል ፍጥነት ይከናወናል። ርቀቱም በየሳምንቱ በጥቂቱ እያደገ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዕረፍት ይቀነሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ጥድፊያ የሚያተርፈው ጉዳት ብቻ ነው።

እያንዳንዱን ልምምድ በማስታወሻ መመዝገብ ሌላው ጠቃሚ ተግባር ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ክንውን ለሪፖርት እንደማይበቃ ሁሉ፣ ያልተመዘገበ ልምምድም በጭንቀት ሰዓት በቀላሉ አይታወስም። በዝናብ የተሮጠው ማለዳ፣ ከድካም ጋር ተፈጽሞ የተጠናቀቀው 30 ኪሎ ሜትር በቀንና በሰዓት ተጽፎ ሲገኝ ለጥርጣሬ በቂ መልስ ይሰጣል። በረጅሙ ሩጫ ላይ የውድድሩን ዕለት ጫማ፣ ቁርስና የውኃ አወሳሰድ መሞከርም ያልታሰበ እክልን ይቀንሳል።

ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ብዙ ሯጮች በድንገት የሚዝሉት ጡንቻና ጉበት ያጠራቀሙት የኃይል ሰጪ ምግብ ክምችት ስለሚመናመን ነው። ፈጥኖ የጀመረ ሯጭ ደግሞ ክምችቱን ቀድሞ ይጨርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ራስን ገትቶ መሮጥ፣ በጉዞው ላይም ኃይል ሰጪ ነገር በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ ይመከራል። ድካሙ ከምን እንደሚመጣ አስቀድሞ የተረዳ ሯጭ በሚደክምበት ጊዜ አይደናገጥም።

እምነት ይበልጥ የሚፈተነው ግን ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። በዚህ ወቅት የልምምዱ መጠን እንዲቀንስ የሚደረገው ሰውነት እንዲያገግም ነው። ይሁን እንጂ ሯጩ እግሩ የከበደው፣ ብቃቱም የወረደ ሊመስለው ይችላል። በዚህ ስሜት ተገፋፍቶ ተጨማሪ ረጅም ሩጫ ማድረግ የወራትን ድካም ከንቱ ሊያስቀር ይችላል። በእነዚህ ቀናት የሚጠበቅበት ቀለል ያለ ሩጫ፣ በቂ እንቅልፍና የማስታወሻውን ገጾች መለስ ብሎ ማየት ነው።

የአትሌት ታምራት ቶላ ገድልም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2016 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2024) በተካሄደው የፓሪስ ኦሊምፒክ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረው ታምራት፣ አትሌት ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት በመውጣቱ ወደ ውድድሩ የገባው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። በሁለት ሳምንት የማራቶን ብቃት አይገነባም። ጥሪው ሲደርሰው ዝግጅቱን አስቀድሞ ባያደርግ ኖሮ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ባላሸነፈም ነበር።

በአጠቃላይ በውድድሩ ዕለት ማለዳ አዲስ ብርታት መፍጠር አይቻልም። የሚቻለው በወራት ውስጥ የተጠራቀመውን ማውጣት ብቻ ነው። ባለ ሙሉ ዝግጅት ሯጭም ቢሆን ሊፈራ ይችላል፤ ሆኖም «እዘልቀው ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በገዛ እጁ ጽፎታልና ፍርሃቱ ከመነሻው መስመር አያስቀረውም።