ለንብም ውሃ

መዘዞ ደጋ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አበባው ሞልቶ ንቧ ትጠግባለች። በጋው ከርሮ በልጉ ሲዘገይ ግን ቅርብ ያለው ምንጭ ይደርቃል። ንቧም እንደኛው ትጠማለች።

ውሃው ለምኗ ነው? ወፍራሙን ማር በውሃ አቅጥና ለእጮቿ፣ ማለት ለልጆቿ፣ ቀለብ ታዘጋጃለች። ሙቀት ሲበዛም ቀፎውን ታቀዘቅዝበታለች። ውሃ ካጣች የጎረቤት ከብት ከሚጠጣበት ገንዳ ትሄዳለች። እዚያ ገብታ ትሞታለች። ከብቱንም ልጁንም ትነድፋለች። ከዚያማ ጎረቤት መቀያየሙ አይቀርም!

መላው ገንዘብ አይጠይቅም። የእንስራ ስባሪ እናምጣ። ጠጠር እንሙላበትና ንጹሕ ውሃ እንጨምር። የጠጠሩ አናት ከውሃው በላይ ይታይ፤ ንቧ እዚያ ቆማ ትጠጣለች፣ አትሰምጥም። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ታጥቦም ቢሆን አይሆንም። ማርና ስኳርም አንጨምርበት፤ የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣል። ዕቃውን እያጠብን ውሃውን በየቀኑ እንለውጥ። ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት አናስቀምጠው፤ ንቦቹ ሲበሩ ኩሳቸውን ይጥሉበታል።

ንብ የለመደችውን ውሃ ቶሎ አትተውም። ስለዚህ ገንዳውን ሳትለምድ፣ በጋው ሳይጠና እናስቀምጥላት። ስባሪው ከደረቀባት ግን ወደ ጎረቤት ገንዳ ትሄዳለች።